የዘርይሁን እሳት አቅጣጫ

የከተማዋን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ሰው ሁለት አንቀጽ ሳያነብ ይለያታል፤ የማያውቃት ደግሞ ስሟን ቢሰማ አይጠቅመውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ከዚያ ከተማ ለመውጣት ምን እንደሚያስፈልጋት ግን በራሴ እስኪደርስ ድረስ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝናብ ነው።

ከብዙ ትውልድ በፊት፣ ቡድሃ የተባለው የጥንት መምህር ያስተማረውን ይዞ አገር ለአገር የሚዞር አንድ መነኩሴ ወደ ከተማዋ መጣ። ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠና ስለ እሳት ተናገረ። በመጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር እየነደደ ነው አለ። ዓይን ይነዳል፣ ጆሮ ይነዳል፣ ምላስ ይነዳል፣ ልብም ይነዳል፤ የሚነዱትም በምኞት፣ በጥላቻና በድንቁርና እሳት ነው አለ። ሰዉ ተጨነቀ፤ አንዳንዱ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ቀጥሎ መነኩሴው አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ፊት ለፊታችሁ ይነድ የነበረ እሳት ቢጠፋ፣ ወዴት ሄደ ትላላችሁ? ወደ ምሥራቅ? ወደ ምዕራብ? ወደ ሰሜን? ወይስ ወደ ደቡብ?

ይህን ብሎ መልሱን ሊናገር ሲል ዝናቡ ወረደ። ሕዝቡ በርበሬውን ውጭ አስጥቶ ስለነበር ተነሥቶ ሮጠ። በርበሬውን አስገብቶ ሲመለስ መነኩሴው የለም።

ስለዚህ ከተማዋ ጥያቄውን ያለ መልሱ ወረሰች። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ይረሳው ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ታታሪዎች ናቸው፤ የቤት ሥራ የተሰጣቸው መሰላቸው።

ከትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍል ሦስት የእሳት አጥፊ ቡድኖች ተቋቋሙ። አንዱ የምኞት፣ አንዱ የጥላቻ፣ አንዱ የድንቁርና እሳት አጥፊ ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ ቤት ለቤት እየዞሩ የሰዉን ዓይንና ጆሮ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳሉ። የምኞት ቡድን አዲስ መኪና ካገኘ ወዲህ የጥላቻ ቡድን ሰላም አይለውም። የድንቁርና ቡድን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ረቡዕ ነው።

ከሁለተኛው ክፍል ደግሞ የአቅጣጫ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እኔን የሚመለከተኝ ይህ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ባለትዳር ሰው ሲሞት ከቤቱ ምድጃ ፍም ይወሰድና በሸክላ ማንደጃ ውስጥ በስሙ እሳት ይነደድለታል። እሳቱን የሚጠብቀው በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ከነካው አቅጣጫው ይደባለቃል ይባላል። መሥሪያ ቤቱ የሟቹ እሳት ወዴት እንደሚሄድ አረጋግጦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲሰጥ እሳቱ በወግ ይጠፋል፤ ጠባቂውም ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ወረቀቱ ሳይሰጥ ከጠፋ ግን ሟቹ «የትም ያልሄደ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ባልቴቲቱም የጠፋው እሳት እስኪገኝ ከከተማው አትወጣም። እሳቱን የሚፈልጉ ስድስት ቋሚ ሠራተኞች አሉ። ፋኖስ ይዘው ነው የሚፈልጉት።

ባለቤቴ ዘርይሁን መጋቢት አሥራ አራት ቀን ሞተ። የመሬት ቀያሽ ነበር። ስለ ሞቱ የምጽፈው ይህን ያህል ነው።

አንድ ልጅ አለችን፤ ማስተዋል ትባላለች። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ የሐይቅ ዳር ከተማ ትኖራለች። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሰባት ወር ብቻዋን ናት። ካቻምና የመጀመሪያ ፅንሷ ሲጨነግፍባት ዘርይሁን ታሞብኝ ስለነበር አልሄድኩም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደወለች።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ትወልጃለሽ አለኝ።»

«እመጣለሁ።»

«የአባዬ እሳትስ?»

«ወረቀቱ እስከዚያ ያልቃል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

ሁለት ወር ነበረኝ። ለአንድ ወረቀት ሁለት ወር ይበቃል ብዬ አሰብኩ። የተማርኩ ሴት ነኝ።

እሳት አጠባበቁን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ውዴ ናት። የእሷ ባል ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሳቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድዷል። በቀብሩ ማግስት መጥታ ማንደጃዬን ዞራ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ ምኑ እሳት ነው? የድመት ዓይን አይደለም እንዴ? ጨምሪበት።»

«ምን ልጨምርበት?»

«የእሱን ዕቃ ነዋ! እሳት የባለቤቱን ካልበላ አቅጣጫው ይጠፋዋል። መጀመሪያ እንጨቱን፣ ከዚያ የቤት ዕቃውን። ነበልባሉ ዝቅ ባለ ቁጥር ነው ታዲያ። ዝቅ ካለ ረሳሽው ማለት ነው።»

ውዴ የባሏን ሣጥን፣ አልጋና ቁም ሣጥን አንድዳለች። ካቻምና በሩን ነቅላ አነደደችው፤ እሱ ነበር የገጠመው። ዝናብ ሲመጣ በሩ በነበረበት በኩል ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጣለች። በከተማው በጣም የተከበረች ሴት ናት።

እኔም እንዳለችኝ አደረግኩ። በመጀመሪያ ዘርይሁን ፈልጦ የከመረውን እንጨት አነደድኩ። ሲያልቅ የሥራ ችካሎቹን፤ ሦስት ጥቅል ነበሩ፣ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ። ከዚያ መሣሪያውን የሚያቆምበትን ባለ ሦስት እግር፣ ከዚያ የመጻሕፍት መደርደሪያውን፣ ከዚያ ጠረጴዛውን። ሐምሌ ሲገባ ጫማውን ሲያስር የሚቀመጥበትን ወንበር ሰባበርኩት። ሕጉ ይህን ካስገደደ ምን ይደረጋል እያልኩ ነበር፤ ሕጉንም በየቀኑ እረግመው ነበር።

በዚያው ሰሞን በየማለዳው ወደ መሥሪያ ቤቱ እመላለሳለሁ። መሥሪያ ቤቱ አራት መስኮት አለው፤ ወደ አራቱም አቅጣጫ። ባለጉዳይ የሚቆመው ውጭ ነው። እሳቱ እንዳይጠፋብኝ በየሁለት ሰዓቱ ወደ ቤት እየሮጥኩ ስለምመለስ ተራዬ አራት ጊዜ አለፈኝ። በአምስተኛው ቀን የምሥራቁ መስኮት ጸሐፊ ዘንድ ደረስኩ። ክራባት ያሰረ ወጣት ነው።

«ሟቹ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«እንድትነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«እትዬ፣ እኛ እናረጋግጣለን እንጂ አንናገርም።»

«እሳቱ እኮ ገና አልጠፋም። ሳይጠፋ ወዴት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?»

«እርስዎ አውቶቡስ የሚሳፈሩት ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ነው?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሱም ሳቃቸውን ሲሰማ ደስ አለው።

«ሥራቸው ምን ነበር?»

«የመሬት ቀያሽ።»

«ይኸው! ዕድሜ ልካቸውን ኮምፓስ ይዘው ሲዞሩ ኖረው አንዲት አቅጣጫ ሳይነግሩዎት ሞቱ? ለመሆኑ ትዳራችሁ ሰላማዊ ነበር?»



የዘርይሁን አባት እሳት በምዕራብ የተመዘገበ ስለሆነ ወደ ምዕራቡ መስኮት ሂጂ ተባልኩ። እዚያ ሰልፍ የለም። ፀሐይ የምትጠልቅበት ነው እየተባለ ማንም ሟቹን ወደዚያ መላክ አይፈልግም። ጸሐፊዋ ዳንቴል እየሠራች ነበር፤ ሰው ስታይ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ወንበር በመስኮቱ አሳልፋ ልትሰጠኝ ሞከረች፣ አላልፍ አለ።

«እኔ በደስታ እመዘግብልዎት ነበር» አለችኝ። «ግን ምሥራቅ እንዳልተቀበለዎት የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

ወደ ምሥራቅ ተመለስኩ። ምሥራቅ ማንንም አልቀበልም ብሎ ስለማያውቅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። ታዲያ ይቀበሉኝ አልኩ። አይቀበልም።

የሰሜኑ መስኮት ጸሐፊ የሕመም ፈቃድ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ወንበሩ ላይ ኮቱ ተሰቅሏል። ባለጉዳዮች ለኮቱ እጅ ነስተው ይመለሳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ዛሬ ፊቱ ጥሩ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የደቡቡ ጸሐፊ ከደቡብ የተመለሰ ምስክር አምጪ አለኝ።

«ከዚያ የተመለሰ ሰው አለ?»

«ከደቡብ የተመለሰማ የሚመዘገበው ሰሜን ነው።»

እዚያ ትዕግሥቴ አለቀ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ማጥናቴን፣ እሳት ዕቃ እንዳልሆነ፣ የሚቃጠል ነገርና አየር ሲገናኙ የሚሆን ሁኔታ መሆኑን፣ ሁኔታ ደግሞ ሲያበቃ ያበቃል እንጂ ሻንጣ ይዞ ወደ አንድ አገር እንደማይሄድ በዝርዝር አስረዳሁት። እስክጨርስ በአክብሮት አዳመጠኝ።

«እትዬ ስኂን፣ እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አለኝና መስኮቱን ዘጋ። የምሳ ሰዓት ነበር።

አንድ መንገድ ቀረኝ። ተማሪ ሳለሁ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስለዚያ መነኩሴ ትምህርት አንብቤአለሁ። ዝናብ ባላቋረጠበት አገር ሁሉ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ ሸንጎ አቤት አልኩ፤ ሐምሌ አሥራ ስምንት ቀን ቀጠሩኝ። ሰብሳቢው አቶ ልሳኑ ይባላሉ፤ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«መልሱን አውቃለሁ ብለሻል አሉ፣ ልጄ።»

«እኔ አይደለሁም የማውቀው። ተጽፎ ይገኛል። ጥያቄው ለመምህሩ የቀረበለት ከምኞት ነጻ የወጣ ሰው ሲሞት ወዴት ይሄዳል ተብሎ ነው። እሱም የጠፋን እሳት ምሳሌ አድርጎ መለሰ። እሳቱ የነደደው ማገዶ ስላገኘ ነው። ያ ሲያልቅና ሌላ ሳይጨመርለት ሲቀር ጠፋ ይባላል። ምሥራቅ ሄደ ማለት አይገጥምም፤ ምዕራብ ሄደ ማለትም አይገጥምም። መልሱ፣ ጥያቄው አይገጥምም የሚል ነው።»

ከአባላቱ አንዱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አቶ ልሳኑ ጺማቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ ጣሪያውን ተመለከቱ። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ አየሁ፤ እውነት እላለሁ፣ ለአንድ አፍታ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

«የስንት ዘመን ጭንቀት!» አሉ። «ይኸው ተገኘ። በሉ እንግዲህ፣ አምስተኛ መስኮት ይከፈት።»

ሁሉም አጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ፈርሶ አምስተኛው መስኮት ተገጠመ። ስሙ «የማይገጥም» ነው። በዚህ መስኮት የሚስተናገድ ባለጉዳይ የሟቹ ጉዳይ ለምን እንደማይገጥም በሦስት ምስክሮች ያስረዳል፤ ከአራቱም መስኮቶች አለመግጠሙን የሚገልጹ አራት ደብዳቤዎችም ያያይዛል። ስለ ጉዳዩ በከተማው ውስጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ የመስኮቱ ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። ሹመቴ በገበያ ተነበበ። የዘርይሁንን ጉዳይ ግን ማየት አልችልም፤ የጥቅም ግጭት ነው ተባልኩ። ጉዳዬን የሚያይልኝ ሌላ ጸሐፊ እስኪሾም መጠበቅ አለብኝ፤ እሱን የማሠለጥነውም እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ውዴ ግቢዬ ገባች። አልተቀመጠችም።

«ማን ይህን ነገር ቆስቁሺ አለሽ?»

«ውዴ፣ እኔ ወረቀቴን ፈልጌ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነደድኩት የትም አልሄደም ልትይኝ ነው? በሬን ነቅዬ ያነደድኩት? በሬን!»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ተምረሽ የለም? በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ።»

ለሸንጎው በሚገባ ያስረዳሁትን ነገር ለእሷ መናገር አቃተኝ። ውዴ ጥቂት ጠበቀችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እሷ ከወጣች በኋላ ማስተዋል ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እማዬ፣ ሐኪሙ በሳምንት ሊቀድም ይችላል አለ። ትመጫለሽ?»

«አምስተኛ መስኮት ተከፍቷል» አልኳት። «እኔ ነኝ የተሾምኩት። ግን ጉዳዬን የሚያይልኝ ሰው ገና…»

«እማዬ።»

«አቤት።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ስለ መስኮት አይደለም።»

ስልኩን ዘጋች። በእናቷ ላይ ስልክ የምትዘጋ ልጅ አላሳደግኩም። ተናድጄ መጥረቢያውን አነሣሁና ወደ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ከአልጋው በስተቀር የዘርይሁን የሆነ እንጨት አልቆ ነበር። የአልጋውን ጣውላዎች አወጣሁ። ሁለቱን ያን ዕለት ጨመርኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሻው ሲመጣ የአልጋውን እግር ግቢ ውስጥ ለመሰንጠቅ ስታገል አገኘኝ። ቢሻው የእሳት ተቆጣጣሪ ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ የእጁን ጀርባ ወደ ፍሙ ያስጠጋል፣ መዝገቡ ላይ «አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ደህና ዋሉ ብሎ ይሄዳል። በአራት ወር ውስጥ ከዚህ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። የዚያን ቀን ግን ንዴቴን የምወጣበት ያገኘሁት እሱን ነበር።

«ና እይ!» አልኩት። «ሕጋችሁ ጠረጴዛውን በላ፣ ወንበሩን በላ፣ ይኸው አሁን አልጋው ላይ ደረሰ። ነገ ደግሞ በሩን ነው አይደል? ጣሪያውንስ መቼ ነው የምታስነቅሉኝ?»

«የቱ ሕግ፣ እትዬ ስኂን?»

«የናንተ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

መዝገቡን ብብቱ ሥር አደረገና ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። አጭር ነው። ጠዋት አንድ እፍኝ ጭራሮ፣ ማታ አንድ እፍኝ ጭራሮ። ጭራሮው ከየትም ቢለቀም ይሆናል። ሌላ ነገር የለውም።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ውዴ ናት የነገረችኝ…»

«እትዬ ውዴ ማንበብ አይችሉም» አለ ቢሻው። «እርስዎ ግን…» አልጨረሰውም። «ከምሥራቁ መስኮት አጠገብ ተለጥፎ የለም?»

ከምሥራቁ መስኮት አጠገብ አምስት ቀን ቆሜአለሁ። የምሥራቁን ሰልፍ፣ የጸሐፊውን ክራባት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ቢሻው ጎንበስ ብሎ ከማንደጃው አጠገብ የተከመረውን አመድ አየ።

«ይህ የአንድ እፍኝ አመድ አይደለም፣ እትዬ። ከሚያዝያ ጀምሮ አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ የምጠየቀው አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ‹በዛ› የሚል ቦታ መዝገቡ ላይ የለም።»

«አለ» ብሎ ጻፈ። ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ።

የአልጋውን እግር መሬት ላይ ተውኩት። አንድ ከተማ ሙሉ የስብከት እኩሌታ ሰምቶ ሮጠ እያልኩ ስነቅፍ ኖሬ፣ አራት መስመር ወረቀት ማንበብ አቅቶኛል። ማንም ወንበሩን ስበሪ አላለኝም። በጸሐፊዎቹ ተናድጄ ነበር፣ በሰሜኑ ኮት ተናድጄ ነበር፣ በአቶ ልሳኑ ጺም ተናድጄ ነበር፤ ያ ሁሉ ንዴት በጣም ጠቅሞኛል። እነሱን ስወቅስ ውዬ ስገባ ሌላ ምንም ነገር ሳላስብ እጨምር ነበር።

በርጩማ አምጥቼ ከማንደጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። አልቆሰቆስኩትም፣ ውሃም አላፈሰስኩበትም። ዝም ብዬ ምንም አልጨመርኩበትም። ከዚያ የሚከብድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ሦስት ጊዜ እጄ ወደ አልጋው እግር ሄደ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። እኩለ ቀን ላይ ነበልባሉ ሄደና ፍሙ ቀረ። አምስተኛው መስኮት ላይ ሰልፈኛው እየጠበቀኝ እንደሆነ አንድ ሰው በር ላይ መጥቶ ተጣራ፤ የለችም አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፍሙ በላዩ አመድ ለበሰ። አንድ ጥግ ላይ ቀይ ነገር ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ እሱን ሳይ ቆየሁ። ዓይኔን አላነሣሁም፤ ምናልባት ጸሐፊዎቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁ ይሆናል፣ ወደ አንድ ወገን ዘንበል የሚል እንደሆነ ልይ ብዬ ነበር። ወደ የትም አላለም። ነበረ፣ ከዚያ አልነበረም።

ማንደጃው ግን ወዲያው አልቀዘቀዘም። ሁለት እጄን ሸክላው ላይ አድርጌ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ልብሴን በሻንጣ ማስገባት ጀመርኩ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሻው መጣ። የእጁን ጀርባ ወደ ማንደጃው አስጠጋ፣ ትንሽ ጠበቀና አመዱን ነካ። መዝገቡን ከፈተ።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ።»

«ወዴት?»

«ቢሻው፣ አጠገቡ ነበርኩ። ማገዶ አለቀበት።»

«እሱን የምጽፍበት ቦታ የለም።»

«አውቃለሁ።»

ሻንጣዬን አየ። እስክሪብቶውን ከፍቶ መልሶ ከደነው።

«አባቴ የእናቴን እሳት ሲጠብቅ ነው ያረጀው» አለ ወደ እኔ ሳያይ። «እህቴ ስትዳር እንኳ አልሄደም። የሐይቁ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«ሦስት ሰዓት።»

ሰዓቱን ተመለከተና መዝገቡን ዘጋው።

«እኔ ዛሬ የምጀምረው በወዲያኛው ሰፈር ነው። እዚህ የምደርሰው አምስት ሰዓት ነው።»

«መጥተሃል እኮ።»

«አልመጣሁም፣ እትዬ። እንዴት መጣህ ይሉኛል? ሻንጣውን ይስጡኝ፣ እስከ በሩ ልያዝልዎት።»

ውዴ ቤቷ ውስጥ ማንደጃዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ በር ስለሌላት ከመንገድ ትታያለች። ሻንጣውን አየች፣ ባዶውን ግቢዬን አየች፣ እኔን አየች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«የሱ አቅጣጫ ሳይታወቅ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

«እሄዳለሁ።»

ፊቷን ወደ እሳቷ መለሰች። ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ ተጣራች።

«ስኂን! ልጅቷን ሳሚልኝ!» አለች፤ አሁንም እንደተቆጣች ነው።

ስድስቱ ሠራተኞች ፋኖሳቸውን ይዘው በቤቴ ዙሪያ ሲፈልጉ እንደሰነበቱ በኋላ ሰማሁ። ይፈልጉ። አምስተኛው መስኮት ላይም ኮት ተሰቅሏል አሉ፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አውቶቡሱ በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ግማሽ ቀን አቆመን። ከሐይቅ ዳሩ ከተማ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ማስተዋል አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ነበር፤ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛለች።

«መቼ?» አልኳት።

«ትናንት ማታ። ሴት ናት።»

«ብቻሽን?»

«ነርሷ ነበረች።»

«ዘገየሁ።»

«አዎ» አለች ማስተዋል። ላስደስትሽ ብላ የምትዋሽ ልጅ አይደለችም፤ በዚህ አባቷን ነው የምትመስለው። ጎንበስ ብዬ ስስማት ፊቷን ትንሽ ሸሸት አደረገችና መልሳ አቀረበችው።

«እማዬ፣ ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ።»

«አውቃለሁ። ታጥቤ ልብሴን ልቀይርና ልያዛት። ውሃው የት ነው?»

«ተዪው» አለችኝ፣ ፎጣውን ወደ እኔ እየዘረጋች። «እንዲሁ ያዣት።»

ያዝኳት።